ለተቆጣጣሪው የታረደው በሬ

ከሚሴ አካባቢ በመምህርነት መመደቤን የሰሙ የማሰልጠኛ ጓደኞቼ የተሰናበቱኝ እንደ ሟች ነበር። አንዱ የወባ ኪኒን ሰጠኝ፤ ሌላው ዳዊቱን። ጎጃም ያለችው እናቴማ እስላም አገር ገብቼ ጾም እንዳልገድፍ በንስሐ አባቷ አስመከረችኝ። ሃምሳዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። ስለ ወሎ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ወሎን ረግጠው ከማያውቁ ሰዎች ነው። የዚህ አገር ምሁር አገሩን የሚያውቀው ዛሬም በዚሁ መንገድ ነው።

ከጭነት መኪና የወረድኩት ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነው። ቤት ያከራዩኝ ሙስሊም ባልቴት በመጣሁ በሳምንቱ ዶሮ ሊጋብዙኝ ፈለጉ። በራሳቸው ሰው አላሳረዱም። ከመንግሥት ሠራተኞች ሌላ የመንደሩ ብቸኛ ክርስቲያን የነበረውን ልብስ ሰፊ አስጠሩና እሱ በስመ አብ ብሎ አረደ፤ ወጡም ለብቻው በተቀመጠ ድስት ተሠራ።

“ይቺ ድስት የክርስቲያን እንግዳ ናት፤ ሌላ ነገር ነክቷት አያውቅም። አብሽር፣ ብላ ልጄ” አሉኝ።

አንዱ ሌላው ያረደውን እንደማይበላ አውቅ ነበር፤ ጎጃምም ያው ነው። የማላውቀው፣ ሰው ለማያምንበት ሃይማኖት ይህን ያህል የሚጨነቅበት አገር መኖሩን ነበር። ማንም አላስተማረኝማ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው እኔ የማስተምረው ዛፍ ሥር ነበር። ወላጆች ይህን አይተው ሁለተኛ ክፍል ሠሩ። እንጨቱን ከተራራ ተሸክመው አወረዱ፣ ጭቃውን አቦኩ፣ ሣሩን ከደኑ። መንግሥት ያዋጣው ንግግር ነው። እሱንም የሚያደርስ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ለምረቃው ከደሴ እንዲመጣ ተወሰነ።

በዋዜማው የመንደሩ ሸህ አንድ በሬና አንድ በግ አስነድተው መጡና ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስረከቡ።

“በሬው የጀመዓው ነው፤ ነገ ስንመጣ እናርደዋለን። በጉ የእናንተ ነው፤ የእናንተው ሰው ይረደው” አሉ። እኛ ማለት ተቆጣጣሪው፣ ዳይሬክተሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ አንድ ፖሊስና እኔ ነን። እነሱ መንደር ሙሉ ናቸው።

ዳይሬክተሩ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። በማግስቱ ማለዳ ልብስ ሰፊውን ጠርቶ በሬውን እንዲጥል አዘዘው።

“ጌታዬ፣ የኛ እኮ በጉ ነው” አለ ልብስ ሰፊው።

“ከደሴ ድረስ ለመጣ ሰው በግ? ምን ልባል ነው?”

“እኛ ካረድነው እነሱ አይበሉትም። ደግሞ አንድ በግ ለማን ይበቃል?” አልኩ እኔ።

“አንተ ትናንት የመጣህ፣ ጠመኔህን ያዝ! በጉን ይረዱታ፤ ማን ከለከላቸው?”

ወላጆች ልጆቻቸውን አስከትለው ሲደርሱ የራሳቸው በሬ ቆዳው ተገፎ ጠበቃቸው። ልብስ ሰፊው ቢላዋውን ከጀርባው ደበቀ። ሸህየው በሬውን አዩ፣ በጉን አዩ፣ “አልሐምዱሊላህ” አሉና ወደ መጡበት ዞሩ። ሕዝቡም ተከተላቸው፤ ሴቶቹ ያመጡትን ቂጣ እንደተሸከሙ ተመለሱ። ተቆጣጣሪው ግን ለቀሩት ለአራት ሰዎች ንግግሩን ሙሉውን አነበበ። “ሕዝቡ ለትምህርት ያለው ፍቅር” የምትለዋን እንኳ አልዘለላትም። ከዚያ ከዳይሬክተሩ ጋር ጥሬ ሥጋ ቆረጠ። እኔ አልበላሁም።

ሰኞ ገና ጭቃ ጭቃ በሚሸተው አዲስ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው የፖሊሱ ልጅ ብቻ ነበር። ማክሰኞም እንደዚያው። ማንበብ ከጀመሩ ወር ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ ትንሽ ቢቆዩ ሁሉም እንደሚጠፋባቸው ገባኝ። ሸህየው ቤት ሄድኩ። ለዱዓ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው ክብ ተቀምጠዋል። “አካም” ብዬ በለመድኳት ኦሮምኛ ሰላምታ ጀመርኩና አጥፍተናል፣ ማሩን አልኳቸው።

“አንተ በልተሃል?” አሉ ሸህየው።

“አልበላሁም።”

“እሱንማ ሰምተናል። ያልበላ ሰው ይቅርታ ምን ያደርግልናል? የበላው ይምጣ። እዚህ ቁጭ ይበልና አጥፍቻለሁ ይበል። ዱዓ እናደርግለታለን፤ ያልቃል።”

ከዚህ የቀለለ ካሣ በየትኛውም አገር ሕግ አላነበብኩም። ሮጬ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት።

“አንተ ጎጃሜ፣ ገና የመጀመሪያ ደመወዝህን ሳትበላ ሰለምክ እንዴ? እኔ ለጫት ቃሚ ጉልበት ልስም? ፖሊስ እሰድላቸዋለሁ!”

ሰደደም። ፖሊሱ ሸህየው ግቢ ደርሶ ወተት ቀረበለት፣ ጠጣ፣ ተመረቀ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ተመለሰ። ስለ ልጆቹ የጠየቀ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ መጡ፤ ሸህየው ከፊት ሆነው። አዲሱ ክፍል በር ላይ ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

“ቤቱን የሠራነው እኛ ነን፤ ለሱ ንዴት ብለን ባዶ አናስቀምጠውም” አሉኝ። “አስተምራቸው፣ አብሽር። እሱን ግን ሰላም አይሉትም።”

አላሉትምም። አጠገቡ ሲደርሱ ዐይናቸውን ወደ ተራራው አድርገው ያልፋሉ። ዳይሬክተሩ ግን ይህን እንኳ አላየም። ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ቸብ አደረገ።

“አየህ? ይህ ሕዝብ ያለ ፖሊስ አይሆንለትም። ለደሴም እንዲሁ ብዬ እጽፋለሁ።”

ልጆቹ እየሰሙ የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም፤ የሚያትምልኝ ማተሚያ ቤት የለም። በዚያው ሳምንት ወደ ባቲ ተዛወርኩ። እሱ ወደ ደሴ፣ በዕድገት።