ቅዳሜ የሚያርፉ ጎማዎች

መስኮቴ ላይ ያለውን ጎማ ያየ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። አንተም ጠየቅኸኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው የማር ቀለም ያወጣል። ከሻይ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም፤ ግን አንሣው፣ ከባድ ነው። መሐሉ ብረት ነው። አንድ ጠርዙ ከብረቱ ተላቅቋል። ቤንዚን ነው ያላቀቀው። እሱን... እደርስበታለሁ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ መጋዘን ውስጥ መካኒክ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ለአለቃው ተናግሮ እዚያው አስቀጠረኝ። ሥራዬ በባትሪ የሚሠራውን ፎርክሊፍት መንዳት ነበር። ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎች አሉት፤ ከጭነቱ ሥር ገብተው ያነሡታል። ከሹካዎቹ ጫፍ ሥር እንዲህ ያሉ ትናንሽ ጎማዎች ነበሩ። ክብደቱን የሚችሉት እነሱ ናቸው። የተሠሩበት ነገር ፖሊዩሬቴን ይባላል። ላስቲክም አይደለም፣ ፕላስቲክም አይደለም፤ በሁለቱ መሐል ያለ ነገር ነው።

አሮጌዎቹ ሲያልቁ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት አዲስ ጎማ ነበር። አንዱ ጠቆር ያለ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ሌላው ይሄ የማር ቀለሙ፣ በጥፍር ሲጫኑት እሺ የሚል። ወንድሜ ሁለቱን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበር።

«ጓድ መካኒክ፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?»

«ሚስት ብትሆንማ እርስዎን አላማክርም ነበር፣ ጋሼ።»

«ጠንካራውን ውሰድና ገላግለኝ!»

«ወለላችንን አያዩትም? ጥርሱ የረገፈ ሰው ነው የሚመስለው። ጠንካራው በየስንጥቁ እየተጋጨ ይሸራረፋል። ይሄኛው ይችለዋል። ክረምትም ሲሆን አይንሸራተትም።»

ለስላሳው ግን አመል ነበረው። ጭነት ተሸክሞ ብዙ ከቆመ የቆመበት በኩል ይጠፈጠፋል። አንዴ ከተጠፈጠፈ ሲሄድ ዷ፣ ዷ፣ ዷ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሥራ ሲያበቃ፣ ጭነቱን አውርዶ ከሹካዎቹ ሥር ጣውላ ያስገባ ነበር፤ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ። እርጥብ ካርቶን በሚሸተው ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ የተጠመጠመባቸውን ሲባጎ በወረንጦ ይለቅማል። ግራሶ መሐላቸው ለሚሽከረከረው ኩሽኔታ ብቻ። ለጎማው ውሃና ሳሙና። «ቤንዚን አይወድም» ይለኝ ነበር፤ የሚነግረው ለእኔ ነው፣ ሌላ ሰው አይጠይቀውም። በመጨረሻ ጎማዋን በጣቱ ያሽከረክራትና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። ሽርርር።

«ይረፉ» ይላል። «ሳምንቱን ሙሉ ሲሸከሙ ከርመዋል።»

ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ቤታችን ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነበር። በራችን ላይ፣ እናታችን ክንዱን ይዛ እያለቀሰች፣ ለእኔ የነገረኝ ስለ ጎማ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ስመጣ ተጠፍጥፈው እንዳላገኛቸው።»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ።»

አሁን አሁን ሌላ ምን ልለው እችል እንደነበረ... ተወው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሳረፍኳቸው። ሲመጣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ተንበርክኮ እንደሚዳስሳቸው አውቅ ነበር። ክብ ሆነው እንዲያገኛቸው ነበር ሐሳቤ ሁሉ። ክረምት ገባ፣ ወጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ሲጮህ እሱ ያለበት አገር ይዘንብ ይሆን እላለሁ። ጎማዎቹ እየሳሱ ሄዱ። አለቃው ደጋግሞ «ቀይራቸው እንጂ» አለኝ። መለዋወጫ ሞልቶ ነበር። ትንሽ ይቆዩ እያልኩ አሳለፍኩ። እሱ የገጠማቸውን መፍታት አልቻልኩም። ከተፈቱ የማይመጣ መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ጣውላዬን ይዤ ስመጣ የቤንዚን ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ፎርክሊፍቱን ከበው ያጥባሉ። ቢጫ ቀለሙ እንደ አዲስ ወጥቷል። የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ቁጢጥ ብሏል። ጎማዎቹን ፈትተው፣ የሞተር ዕቃ እንደሚታጠበው፣ ቤንዚን የሞላ ጣሳ ውስጥ ነክረዋቸዋል። እንዲያበሩ ብለው።

አንዱን አወጣሁት። አብጧል። ጠርዙ ከብረቱ ለቋል።

«ምን ነክቷችሁ ነው? እሱ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

ጮኽኩባቸው። ለሽማግሌውም ክፉ ቃል ተናገርኩ። ያ ለአንድ ቃል ሦስት የሚመልስ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አለ።

አንዱ ሠራተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቃው ትከሻዬን ይዞ «ቤት ግባ። ዛሬ ከእናትህ ጋር ዋል» አለኝ። ጎማውን እንደያዝኩ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ እየተቆጣሁ ሄድኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጁን ሞልተውታል። የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ ከኋላ የመጋዘኑ ሰዎች። እናቴ ከኋላዬ አየቻቸው። «ልጄን!» አለች።

ወሬውን ያመጣው ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ነበር። ቤታችን መምጣት አቅቶት ዓርብ ዕለት መጋዘን ሄዶ ለእነሱ ነገራቸው። መርዶ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው እንጂ በሥራ መሐል አይነገርም። አፋቸውን ይዘው መዋል ነበረባቸው። እጃቸው ሥራ ፈትቶ መዋል ሲያቅተው የእሱን ፎርክሊፍት አጠቡለት።

የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ አቀፈኝ። እጁ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

አሁን የምኖረው ሲኤምሲ ነው። ከፎቁ ሥር ሱቅ አለ፤ ዕቃ ሲያራግፉ ዷ፣ ዷ የሚል ጎማ እሰማለሁ። ያላረፈ ጎማ ነው። ይሄኛው እንግዲህ ምንም አይሸከምም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ አዞረዋለሁ፤ በአንድ ጎኑ ብቻ እንዳይቆም።