ጣውንቴ የሰፋችው የአልጋ ልብስ

አስር ጠገራ ብር ያወጣሁት ለአልጋ ልብስ ብዬ አይደለም፤ ባሌን ለማስመለስ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ገበያ መደብ ይዤ ቺት ጨርቅ እሸጥ ነበር። ጣውንቴ ዘሃራ ከእኔው ቁርጥራጭ እየገዛች፣ ከነጩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ጥቁሩ የሚሄድ ድርብ የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ባላችን ሰይድ ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ «ያችን ባለ አበባዋን ወደ ነጩ አስጠጊያት!» ይላታል። በእኔ ተራ እንኳ እዚያው ውሎ ያድራል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ቀለም አስማማለሁ። ሳያልቅ እንዴት ልተወው?»

በዚህ ሙቀት ማን ሊደርበው!

እንግዲያው ልብሱ ከቤቷ ይውጣልኝ ብዬ፣ አንድ የጀውሃ ነጋዴ ልኬ በአስር ብር አስገዛሁት። ለሰይድም ዶሮ ሠርቼ ጠበቅሁ።

በማግስቱ ሁለቱም መደቤ ድረስ መጡ።

«አልሃምዱሊላሂ፣ እትዬ!» አለች ዘሃራ። «ያ ልብስ ተሸጠልኝ። አሁን ሁለት ልሰፋ ነው፤ ቺት ይቁረጡልኝ።»

ሰይድ ቀለሙን መረጠላት፤ እኔ ለካሁ፣ ቆረጥኩ።

ከአስሩ ብር ስምንቱ በቺት ዋጋ ተመለሰልኝ። ባሌ ግን እሷ ዘንድ ቀረ።