የስሙኒ መለኪያ

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፊደልም እስታለሁ። ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት በጭንቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩበት ቀን ጥቂት ነው። ያነበበ ይቅር ይበለኝ። የምጽፈው በአፌ መናገር ስለማልችል ነው፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል።

ልጅ ሳለሁ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እማዬ ጌጃ ሰፈር ውስጥ አረቄ ትሸጥ ነበር። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከወዲህ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከወዲያ የእኔና የእማዬ አልጋ። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው የሚጠጣው በጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩራዙ ሲለኮስና ማንደጃው ላይ ከሰሉ ሲቀላ፣ ኩሊውም እንጨት ፈላጩም መለኪያውን ይዞ፣ ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። አንድ መለኪያ አረቄ ስሙኒ ነበር።

ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት አባባ ተሰማ ነበሩ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በመጋዘን ዘበኝነት ያረጁ፣ ዘመድ የሌላቸው ሽማግሌ። በስሙኒያቸው አንዲት መለኪያ ያስቀዱና እሷን በከንፈራቸው እየነኩ ተረት ያወራሉ። «ተረት ተረት» ሲሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከሙ የዋሉት ኩሊዎች እንደ ልጅ «የላም በረት» ይላሉ። ማብቂያው ላይ ዳቦውን ትተው፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በመለኪያ አብሱ» ስለሚሉ፣ አንዱ ኩሊ እየሳቀ፣ «እትዬ አስካለ፣ ለአባባ ይድገሙላቸው፣ በእኔ!» ይላል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ጉልበቴን አቅፌ እሰማለሁ።

አንዱ ተረት ግን አላልቅ ብሎ ነበር። ጅብ ዝናብ ሲመታው የአንዲት ባልቴት በር አንኳኳና፣ «ደጃፍሽ ላይ ብቻ ልጠለል» አላት። በማግስቱ «ደፍሽ ላይ ብቻ» አለ። ደግሞ ሌላ ቀን «እሳትሽ አጠገብ ብቻ»። ሁልጊዜ በትሕትና ነበር የሚለምናት። ከእሳቱ ማዶ ደግሞ አንዲት ልጅ ተኝታለች። አባባ ተሰማ በየምሽቱ ጅቡን አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚያስገቡት፤ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ የበሩን ሳንቃ አያለሁ።

በዚያ ዓመት የቢራ ዋጋ ጨመረ። ቤታችን ቢራ ገብቶ ስለማያውቅ ወሬው እኛን የሚነካ አልመሰለኝም። ሳምንታት ቆይቶ ግን ከረባት ያሰሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ በአስፋልቱ ዳር ባሉት ቡና ቤቶች ቢራ ይጠጡ የነበሩት፣ ጎንበስ ብለው በበራችን ይገቡ ጀመር። መጀመሪያ እየተሳቀቁ፣ ወንበሩን በመሐረብ እየጠረጉ፤ ኋላ እንደ ቤታቸው። ኩሊዎቹ «እትዬ አስካለ» የሚሏትን እማዬን እነሱ «አስካለ» ይሏታል። «አስካለ፣ ከቢራ ጋር ተኳርፈናል፣ አንቺ ድገሚን!» ይላሉ እንጂ ዋጋ አይጠይቁም።

ጀሪካን የሚያመጣው ነጋዴ ይህን አየ መሰል በእማዬ ላይ ዋጋ ጨመረ፤ እማዬም መለኪያውን ሽልንግ አደረገችው። ባለ ከረባቶቹ ልብም አላሉት። ኩሊዎቹ ወደ ጠላ ወረዱ። ጠላ አላሞቅ ያላቸው ደግሞ ከጓሮ ወዳለችው ወደ እትዬ ዘነበች ጎጆ ሄዱ፤ እሳቸው አሁንም በስሙኒ ይቀዳሉ፣ ውሃ ቢቀላቅሉበት ነው ይባላል።

አባባ ተሰማ አንድ ምሽት ስሙኒያቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ወንበሩ ሞልቷል። ከቢሮ ሰዎቹ አንዱ፣ «አባባ፣ ስሙኒ እኮ አሁን ለማሽተት ብቻ ነው!» አላቸው። ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ዘግይታ መጣች። «ባለ ውስኪው ከቦታው አልተነቃነቀም» አሉ፤ «ባለ ቢራው አንድ ደረጃ ወረደ። እኛ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበርን፤ ወዴት እንውረድ?» ከዚያ ወዲያ ቀሩ። ጅቡም እሳቱ አጠገብ እንደተኛ ቀረ።

ከወር በኋላ እማዬ የሚረክስ አረቄ አለኝ ካለ አዲስ ነጋዴ አንድ ጀሪካን ገዛች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጠብታ መዳፏ ላይ አፍስሳ፣ አሽታ አሸተተችው፤ ከዚያ ጣሳ ክዳን ላይ በክብሪት ለኮሰችው። ነበልባሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ጀሪካኑ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበትና፣ «ነገ እመልስለታለሁ። እጅሽ እንዳይነካው!» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ የቀረ ስኳር አይሰፈርለትም። እማዬ ሄደች፤ ባለ ከረባቶቹም አልመጡም። ሊጨልም ሲል በእርጅና ከስብሰባ ነፃ የተባሉት አባባ ተሰማ ብቅ አሉ።

«እናትሽ የለችም?»

«ስብሰባ ሄዳለች።»

ስሙኒያቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው ሌላ ቀን» ብለው ዞሩ። ያ የማይወጣው ድምፄ ያን ጊዜ ወጣ። «አባባ ይግቡ፤ እኔ በስሙኒ እቀዳልዎታለሁ። ጅቡስ?»

ደኅናው ጀሪካን ላይ እማዬ ከመውጣቷ በፊት በከሰል ምልክት ታሰምርበታለች፤ ከዚያ ብቀንስ ታውቅብኛለች። ቀይ ጨርቅ ከታሰረበት ቀዳሁ። ሦስት መለኪያ።

«ኧረ ያቃጥላል!» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እነዚያ የቢሮ ሰዎች የሚጠጡት ይህን ነው? ጉድ እኮ ነው!» ደስ ብሏቸው ነበር። ጅቡን ከእሳቱ አስነስተው ልጅቷ አልጋ ራስጌ አደረሱት። «ከዚያስ?» አልኩ። «ከዚያማ ነገ» ብለው፣ ሰዓት እላፊው ሳይይዛቸው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን «ኩራዙን አብሩልኝ፣ እባካችሁ» ሲሉ ተገኙ። ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ዓይናቸው አልተመለሰም።

የአብዮት ጥበቃ ሰዎች የት እንደጠጡ ጠየቋቸው፤ «አላስታውስም» አሉ። ሰፈሩ ግን ፈረደ፤ ስሙኒ የያዘ ሰው የሚጠጣው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። አረቄያቸውን ቦይ ውስጥ ደፉት፤ መለኪያዎቻቸውን ደጃፍ ላይ ሰባበሩ፤ እሳቸውን ወሰዷቸው። «ኧረ በልደታ ማርያም፣ እኔ ቤት አልመጡም!» እያሉ ሲጎተቱ አይቻለሁ። በሩ በሚስማር ተመታ፤ ሰፈር ውስጥ ዳግመኛ አላየናቸውም። ጀሪካኑን አስቀድማ የመለሰችው እማዬ ግን አማተበችና፣ «ተመስገን፣ እንኳን ከእኔ ቤት አልቀመሱ» አለች።

ከዚያ የአባባ ተሰማን ምሳ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ሳህኑን ስሰጣቸው እጄን ያዙኝ።

«ያን ዕለት እናትሽ ቤት አልነበረችም፣ አይደል?»

«አልነበረችም።»

«እንግዲያው እኔም አልነበርኩም» አሉ። እጄን ለቀቁና እንጀራውን በዳበሳ ይፈልጉ ጀመር።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው። የተዘጋው የእትዬ ዘነበች በር ጋ ስደርስ ብቻ ፊቴን አዞርኩ።

አሁን እሳቸውም የሉም። የተረቱን ማብቂያ ከሌላ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅኩም ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ፤ ይህን ስጽፍም እንደዚያ ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን ውሸት ነው። ያን ዕለት እማዬ ቀዩን ጨርቅ እያሰረች ለጎረቤታችን፣ «ይህማ የሰው ዓይን ያጠፋል» ስትላት ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ሰምቼ ነው የቀዳሁላቸው።