መርዶ ነጋሪ መስዬ ስቶክሆልም የገባሁ ለት

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት ሥራዬ የሰው ሻንጣ ኤርፖርት ማድረስ ነበር። አንዱ ሃዋይ ይሄዳል፣ አንዷ ጃፓን ትሄዳለች፤ እኔ ሻንጣቸውን አውርጄ ተመልሼ ተራ እይዛለሁ። አንድ ቀን «በቃኝ!» አልኩና ዓለምን የሚያዞር ቲኬት ቆረጥኩ። ቲኬቱ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ወደ ምሥራቅ ከሄዱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስቶክሆልም፣ አቴንስ፣ አዲስ አበባ፣ ቦምቤይ፣ ቶኪዮ፣ ከዚያ በካሊፎርኒያ በኩል ቤት።

ማሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ጓደኞቼ ያበድኩ መሰላቸው። ሁልጊዜ ከምንገናኝበት ምግብ ቤት ቁጭ አድርገው መከሩኝ።

«ስማ፣ ቫኬሽን ካማረህ ፍሎሪዳ አለልህ» አለ አንዱ። «ይሄን ቲኬት ካንስል አድርገውና ገንዘቡን ለኮንዶ ቤት ዳውን ፔይመንት አድርገው።»

«ተወው ባክህ» አለ ሌላው። «ሚስት ፍለጋ ነው። ማሪላንድ አልቆበት።»

ይሳቁ! እኔ የደበቅኳቸው ነገር ነበረኝ። ስቶክሆልም ታላቅ እህቴ አለች። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከአገር አብረን ወጥተን ካርቱም ላይ ተለያየን፤ እሷን ስዊድን ወሰዳት፣ እኔን አሜሪካ። እዚያ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ የሰው እናት ታጥባለች፣ ታበላለች። የራሳችንን እናት ግን ከወጣን ጀምሮ አላየቻትም። በስልክ ባወራን ቁጥር «ለከርሞ እሄዳለሁ» ትለኛለች። መንግሥት ተለውጧል፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ የእሷ ከርሞ ግን አይመጣም። እናታችን ደግሞ አርጅታለች። ዓለም መዞሩ እውነት ነው፣ አምሮኝ ነበር፤ ዋናው ሐሳቤ ግን እህቴን ስቶክሆልም ላይ እጇን ይዤ አዲስ አበባ መግባት ነበር። ድንገት በሯ ላይ ብቆም እምቢ አትለኝም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወራ ወሬ አውሮፕላን ይቀድማል።

ስቶክሆልም የደረስኩት እሁድ ማለዳ ነው። ዙሪያዬን ሳይ ውሃ፣ ድልድይ፣ እንደገና ውሃ። ሰማዩ የታጠበ ይመስላል፤ ሰው ግን የለም። ጸጥታው ሲበዛብኝ የራሴ ጫማ ድምፅ አሳፈረኝ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው፤ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር የምሄደው። እህቴ ወደምትኖርበት ሰፈር በሚወስደው ባቡር ውስጥ ነጠላ የለበሱ አዛውንት ባልና ሚስት ሳይ ልቤ ዘለለ። ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው። የእህቴን ስምና አድራሻ አሳየኋቸው።

«ውይ፣ እሷማ እንደ ልጃችን ናት!» አሉ ሴትዮዋ።

«እዚህ አገር ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ትጠፋለህ» አሉ ባልየው። «ና፣ እናድርስህ።»

ቅዳሴው ይርፈድብን ብለው ከእኔ ጋር ወረዱ። በሩን ያንኳኩትም ሽማግሌው ናቸው።

እህቴ ከፈተች። መጀመሪያ ሽማግሌውን አየች፣ ቀጥላ ባለቤታቸውን፣ ከኋላቸው እኔን። ልትስመኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«እናቴን!» ብላ ጮኸች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በማለዳ፣ ሳይነገራት፣ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ከአሜሪካ የመጣ ወንድሟን አስከትለው በሯ ላይ ቆመዋል። መርዶ እኛ ዘንድ የሚነገረው እንዲህ ነው።

«እትዬ፣ እማዬ ደህና ናት!» አልኩ።

«አትዋሸኝ! ደህና ከሆነች አንተን ምን አመጣህ?»

«ዓለምን እየዞርኩ ነው።»

ከዚህ የባሰ መልስ ሊኖር አይችልም። ደረቷን ትመታ ጀመር። ሽማግሌው «ልጄ፣ ተረጋጊ፣ ፈጣሪን አመስግኚ» ሲሉ ባሰባት፤ ሴትዮዋ «አይዞሽ» ብለው ሲያቅፏት ጨርሶ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እውነት የሆነው ቃል ሁሉ የለቅሶ ቤት ቃል ሆኖብን ተቸገርን።

አዲስ አበባ ደወልኩ። እናታችን ቤት ስልክ ስለሌለ የምንደውለው ጎረቤት ነው። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ደውሉ አሉኝ።

«እነሱንም አስጠንቅቃችኋቸዋል!» አለች እህቴ፤ ጥቁር ሻርፕ አውጥታ ራሷ ላይ ጠመጠመች።

እስከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። ሴትዮዋ ሻይ አፈሉ፤ ማንም አልጠጣም። እህቴ መጮኹን ትታ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንቷን እናት በእጄ አጥቤ፣ የራሴን እናት እግር እንኳ ሳላጥብ» አለች። ይሄኔ እኔም አለቀስኩ። እናቱ በሕይወት እንዳለች እያወቀ የሚያለቅስላት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌዎቹም አለቀሱ።

እንደገና ስንደውል እናታችን እያለከለከች መጣች።

«ሃሎ! ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አልኳት፤ ምን ላድርግ፣ ሳቄ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ «ስጣት» አለችኝ። እህቴ ድምፅዋን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም ጆሮዬን ከስልኩ ጋር አስጠግቼ ሰማሁ።

«የኔ ልጅ፣ ሳልሞት እንዲህ ከሆንሽ ስሞት ምን ሊተርፍሽ ነው? ነይና በቁሜ አልቅሺልኝ።»

እህቴ ሻርፑን ከራሷ ላይ ፈትታ ፊቷን ጠረገችበት። በማግስቱ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ዕረፍት ጠየቀች፤ ለከርሞ አላለችም። ዕረፍቱ እስኪፈቀድላት እኔ እዚያው ከረምኩ፤ አቴንስን እስከ ዛሬ አላየሁም።

አዲስ አበባ ስንሄድ ተምረናል። ቀድመን ደውለን ማንም አልሞተም፣ ሁለታችንም ደህና ነን፣ እየመጣን ነው ብለን ለጎረቤትም ለእናታችንም ደጋግመን አስረዳን። ኤርፖርት በር ላይ ከሰው ሁሉ ፊት ቆማ አገኘናት፤ አጥራለች፣ ቀጥናለች፣ ግን ቆማለች። እህቴ ሻንጣውን እኔ ላይ ጥላ ሮጠች። እናታችን እንዳለችው በቁሟ ተለቀሰላት።