«አታውልቀው» ያልኩት ሰዓት

ለነፍስ አባቴ ስንቱን ኃጢአት ዘርግፌያለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ለሚስቴም አልነገርኳት። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

ጊዜው የደርግ ነው። ከመተማ ገበያ፣ ከሱዳን የገባ ባለ ብረት ማሰሪያ የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ያኔ ሰዓት ያሰረ ሰው እጅጌውን ሳይሰበስብ አይውልም፤ እኔም ብርድ እንኳ ቢሆን እሰበስብ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ማሰሪያው ያረፈበት ቀላ፣ አሳከከኝ፣ ውኃ ቋጠረ። የሸጡልኝ ሽማግሌ ሐጂ አዩትና ሳቁ። «ብረት ሰው ይመርጣል፤ አንተን አልወደደህም። አውልቀው፣ በራሱ ይድናል» አሉኝ። አወለቅሁት፤ በሁለት ሳምንት ዳንኩ።

ይህን ልብ በሉልኝ። አውቅ ነበር።

በመከር ወደ አብርሃ ጅራ ለሰሊጥ አጨዳ ወረድኩ። እዚያ ሰዓቱን ለሙላት ሰጥቼ ራዲዮኑን ወሰድኩ። ሙላት የጎጃም ሰው ነው፤ ቀዬው ከእኔ ቀዬ ወንዝ ማዶ ነው፣ የምናድረውም በአንድ ዳስ። ሰዓቱ እኔን እንዳቆሰለኝ አልነገርኩትም። እኔን ያልወደደ ብረት እሱን ሊወደው ይችላል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

አልወደደውም። በዚያ ላብና ሙቀት እጁ ቆሰለ። አንድ ቀን ከሰው ነጥሎ ጠራኝና እጁን አሳየኝ። «ወንድምዓለም፣ ቁምጥና ይሆን እንዴ?» አለኝ። አያቱ በዚያ ደዌ ከሰው ተለይተው ነው የሞቱት።

«አውልቀው» ማለት ምን ይከብዳል? ብለው ግን እያወቅህ ሰጠኸኝ ይለኛል፣ ራዲዮኑንም መልስ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እናም እኔ፣ በዚህ አፌ፣ «አታውልቀው፤ ሰዓቱ ይሸፍንልሃል» አልኩት።

ሰማኝ። አጥብቆ አሰረው። ቁስሉ ሲብስበት ግራ እጁን ላሳርፍ ብሎ ሰዓቱን ወደ ቀኝ ቢያዛውረው ቀኙም ቆሰለ። ያን ጊዜ የዳሱ ሰው አየ፤ ተዛመተበት ተባለ። ክፉ ቃል የተናገረው የለም። ብቻ ምሳ ሲቀርብ ድርሻውን በቆርቆሮ ለብቻው አደረጉለት። ከአንድ ትሪ ስንበላ የከረምን ሰዎች ነን። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ በላ፤ እኔም ከትሪው ጋር ቀረሁ። ጎረስኩም።

አጨዳው አልቆ ወደ ደጋ ልንወጣ ስንል እሱ ወደ ሱዳን ልሻገር ነው አለ። ሚስትና ጡት ያልጣለች ልጅ ነበሩት። ልሰናበተው እጄን ስዘረጋ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ።

«ተው፣ ይጋባብሃል» አለኝ። «ቤቴ ስትደርስ ሞተ በላቸው። ልጄን ከምበክላት ይሻላል።»

ሰዓቱ እጁ ላይ ነበር። ያኔም አውልቀው አላልኩትም።

ቤቱ ሄጄ ሞተ አልኩ። ሚስቱ ደረቷን ስትመታ ቆሜ አየሁ። ራዲዮኑን የሱ ነው ብዬ ሰጠኋት፤ እንባዋን እየጠረገች መረቀችኝ። ምርቃቷን ተቀብዬ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጢሜን ከላጨሁ ቆይቻለሁ። ዘመኑ ነው አልልም። ዘመኑ ብዙ ሰው በልቷል፤ ሙላትን ግን የበላሁት እኔ ነኝ። ሰዓት መቼም አንድ ቀን ይሰበራል፤ ያወልቀዋል፣ ይድናል። ድኖ ወደ ቤቱ ቢመለስ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሚስቱ ሌላ አግብታ ነው የሚያገኛት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችል እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ፣ በሕይወት ካለ፣ እስከ ዛሬ ወዳጁ እመስለዋለሁ።