በይርጋ አባት ቤት ያየሁት አመድ

በ1956 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የሌሊት ወፍ ኩስ በሸተተኝ ቁጥር፣ የእህል መጋዘን ውስጥም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ያ ዓመት ይመለስብኛል።

ከብቸና ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ጀርባ አንድ ጠፍ ቤት ነበር፤ የጓደኛዬ የይርጋ አባት ቤት ነው። አባቱ አያ መኩሪያ በድንበር ተጣልተው ጎረቤታቸውን ገድለው ወደ ዓባይ በረሃ ከሸሹ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የሟች ወንድሞች ደም ሊመልሱ ይፈልጓቸው ነበር። እናቱ የሞጣ ሰው ናትና ወደ ወገኖቿ ሄደች፣ ይርጋ ካያቱ ጋር ቀረ። ቤቱ የደም ቤት ተብሎ በሩ በእሾህ ተዘግቶ ማንም ዝር አይልበትም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ይርጋ እንግባ እያለ ሲነዘንዘኝ፣ እኔ እሾኩ አለ፣ ጭቃው አለ እያልሁ ሳመካኝ ከረምን። መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠና «አንተ አደይ ልቀም፣ ከሴቶቹ ጋር ሂድ» አለኝ። እልኸኛ ነኝ፣ ያኔም ነበርሁ፤ ቀድሜው በጓሮው ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ።

ጣሪያው ባንድ ጎን ወርዶ፣ መደቡ ላይ ሣር በቅሎ፣ ቤቱ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸት ነበር። ይርጋ የእናቱን የወፍጮ መጅ አግኝቶ እንደ ሕፃን አቅፎ ሲስቅ፣ እኔ ምድጃው ላይ አመድ አየሁ። እጄን ብሰድ ሞቀኝ።

ይርጋ መጁን አስቀምጦ አመዱን ነካ። ከዚያ «አባቴ ነው» አለኝ፣ ማተቤንም ጨበጠና «ለእናትህም ቢሆን እንዳትናገር። ይገድሉታል» አለኝ።

«ምን አይቼ?» አልሁት። ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ እሱ ካያቱ ቂጣ እየሰረቀ፣ እኔም ጥሬ እየጨመርሁ ምድጃው አጠገብ እናስቀምጥ ነበር፤ በሌላው ቀን ስንመጣ የለም። ይርጋ አባቱን ባይኑ ባያይም የበላውን እያየ ይጠግብ ነበር።

ኅዳር ላይ የጭቃ ሹሙ ጥንድ በሬ ጠፋና አውጫጭ ተጠራ። ያኔ ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ እየማለ ይጠየቅ ነበር፤ ሳይወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። በሦስተኛው ቀን ልጅም ይጠየቅ ተባለ። የሰፈራችን ቄስ መስቀላቸውን አንሥተው «እንግዳ ዱካ፣ እንግዳ እሳት አይቶ የደበቀ ዘሩ ይጥፋ» ብለው ገዘቱ። እናቴ እርጉዝ ነበረች። ግዝቱ እሷ ላይ ሲወርድ ታየኝ።

እኔም ብልጥ የሆንሁ መሰለኝ። የይርጋን አባት ስም ካልጠራሁ ቃሌን አላፈረስሁም፣ አመዱን ከተናገርሁ ደግሞ ከግዝቱ ወጣሁ አልሁ። ተነሣሁና «በጠፉ ቤት ትኩስ አመድ አይቻለሁ» አልሁ።

«መቼ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ሁልጊዜ።»

የሟች ወንድሞች እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ውኃ ሽንት እንደሚወጣ ሰው አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በእንጨት ይጭር ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁለት ጥይት ተሰማ። እናቴ «ጅብ ላይ ነው የሚተኩሱት» አለችኝ። በሬዎቹ በሳምንቱ ደብረ ወርቅ ገበያ ተገኙ።

ልጅ ነበርህ ይሉኛል። አልቀበልም፤ እያሰብሁ ነው የተናገርሁት። ዛሬ ሰው መጽሐፍ ጨብጦ በሐሰት ምሎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ በእውነት ምለን ሰው አስገደልን። የትኛው እንደሚሻል ሰባ ዓመት አልፎኝም አላውቅ። ይርጋን እናቱ ወደ ሞጣ ወሰደችው፣ እዚያው አርጅቷል። ሞጣ ለገበያ በሄድሁ ቁጥር በደጁ አልፋለሁ። አንድ ጊዜ ደጁ ላይ ተቀምጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ አለፍሁ። ምን ብዬ እቆማለሁ?

ያን ዕለት ግን ከግዝት ተፈታሁ ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ይርጋን ለጨዋታ ልጠራው ወዳያቱ ቤት እየዘለልሁ ሮጥሁ።