ወንዝ የተሻገረው ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ በሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ካናቢስ ይወራ ነበር። በአንዳንድ አገር ሐኪሞች ለማይለቅ ሕመምና ለሚጥል በሽታ እንደሚያዙት ጋዜጠኛው ሲናገር፣ ከፊት የተቀመጠ ወጣት «ሐሺሹን ነው እኮ የሚለው! እኛ ጋ ያሳስራል፣ እዚያ በሐኪም ወረቀት!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ የመጣ መሰለኝና መስኮቱን ከፈት አደረግሁ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቼዋለሁ፤ እናቴ የሚጥል በሽታ ስላለባት ብቻዋን እሳት አጠገብ ልተዋት አልችልም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ክኒን ስትውጥ ደህና ትከርማለች፤ ግን ያፈዛታል። ገበያ ነጭ ሽንኩርቷን እንደ ዘረጋች እንቅልፍ ይወስዳትና ሴቶቹ ይስቁባታል። ከሕመሙ ይልቅ ሳቁ ነበር የሚያማት።

መስቀል አልፎ፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ድሮ ቱሪስት እየመራ ተራራ ይወጣ የነበረ ጋሽ ደሴ የሚባል ሰው የእናቴን ሕመም ሰምቶ ከዳባት ቤታችን መጣ። ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረብሁለት። እየላጠ፣ «ፈረንጆቹ በዚህ ነው የሚድኑት» አለና ከኮቱ ኪስ አረንጓዴ ዘይት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ።

«ስሙን አትጠይቁኝ፤ ከተጠራ አይሠራም። ክኒኑንም ተይው እህቴ፣ ሁለቱ አይስማሙም።»

እንዲህ ያለው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የባህል መድኃኒት ስሙ አይነገርም፤ ወንዝ ከተሻገረም ይከሽፋል ይባላል። ስለዚህ እናቴ ምንም አልጠየቀችም። እኔም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ክዳኑን ስከፍት ግን አወቅሁት፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ጎረምሶች የሚያጨሱት የሐሺሽ ሽታ ነው።

ሰውየው ሲሄድ እንደ ምንም ብዬ፣ «እማዬ፣ እሱስ ከዳባት ሲያመጣው ስንት ወንዝ ተሻገረ?» አልኋት።

«በመኪና ነዋ! ድልድይ ላይ ማን ውኃ ይረግጣል?»

ክኒኑን በተወች በሦስተኛው ቀን ምድጃው አጠገብ ወደቀች። ጎትቼ ሳወጣት የነጠላዋ ጫፍ ተቃጥሏል። ስትነቃ፣ «ሕመሙ እየወጣ ነው፤ ጋሽ ደሴ ነግሮኛል» አለች። ፈራሁ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ደብቄ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አፍሬ ተራዬን ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። በመጨረሻ ሲስተሯ አሸተተችውና ፊቷን ቋጠረች።

«ከዚህ ተክል ለሚጥል በሽታ የሚሠራ መድኃኒት ውጭ አገር አለ፤ ያ ውሸት አይደለም። እሱ ግን ተመጥኖ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው። እዚህ ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለ ሻጩም አያውቀውም። ክኒኗን ዛሬውኑ ትጀምር። ስለሚያፈዛት ደግሞ ይዘሻት ነይ፣ መጠኑን እናየዋለን።»

እናቴ ይህን ብነግራት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ብደፋውም ሌላ ታስመጣለች። ወደ ቤት ሳልሄድ ከገበያው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድሁ። ጫማዬን አውልቄ ጠርሙሱን እንደ ያዝሁ ተሻገርሁ፤ ዞሬም ተሻገርሁ። የውኃው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ቤት ገብቼ ጠርሙሱን ፊቷ አስቀመጥሁት። «እማዬ፣ ወንዝ ተሻግሯል።»

«በመኪና?»

«በእግሬ። እስከ ጉልበቴ።»

የሚንጠባጠበውን ቀሚሴን ረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቺ ድምፅሽ የማይሰማ! ሌላ ቢያመጣልኝስ?»

«እሱንም አሻግረዋለሁ።»

ከዚያ «ክኒኔን ከነውኃው አምጪልኝ» አለች። ቆይቶ መጠኑ ተስተካክሎላት፣ አሁን ገበያ ላይ የሚያንቀላፉትን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት።

ተክሉ ይጠቅማል፣ አይጠቅምም ለማለት እውቀቱ የለኝም። ስሙን አትጠይቁኝ የሚልን ሰው ግን እስካሁን አላምንም። ባለፈው ሳምንት ከሚኒባሱ ወርጄ ሬዲዮው ያለውን ስነግራት እናቴ ሽንኩርቷን መፈልፈሏን አቆመች።

«እንግዲያ እውነት ነበራ! አንቺ ነሽ ያከሸፍሽብኝ።»

«ሐኪም ስሙን ጽፎ ይስጥሽ እንጂ፣ የፈለገውን ወንዝ ተሻግሬ አመጣልሻለሁ» አልኋት።